ጅራቱ ሳይቆነጠጥ

በጤና ጣቢያው የሕፃናት ክፍል ልጅ የሚለካው ተጋድሞ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ቀጥ ብሎ መቆም ስለማያውቅ በረጅም ጣውላ ላይ በጀርባው ይተኛል። አናቱ ራስጌ ካለው መግቻ ጋር ይገጥማል፣ ጉልበቱ ቀስ ተብሎ ይዘረጋል፣ ከግርጌ የሚንሸራተተው ሰሌዳ ውስጥ እግሩን ሲነካ ቁጥሩ ይነበባል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ልጁ ግን ያለቅሳል፣ ይራገጣል፣ አንዳንዴም ለኪዋ ላይ ሽንቱን ይለቅባታል። ሲስተር ይህን ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታዋለች። እናቶቹም ባልደረቦቿም ከኋላዋ «ሚሊሜትር» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም።

ቅጽል ስሙ የወጣላት ገና ጀማሪ ሳለች ነው። አንድ ቀን የመግቻው ብሎን ላልቶ፣ መግቻው ራሱ ወደ ውስጥ አንድ ሴንቲሜትር ያህል አዘንብሎ አገኘችው። ለሦስት ወር የተለካው ልጅ ሁሉ ካርዱ ላይ ከቁመቱ በላይ ተጽፎለታል ማለት ነው፤ ያላደገው አድጓል ተብሎ ተሸኝቷል። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ብሎኑን አጥብቃ ከነገ ጀምሮ በደንብ እንድትለካ፣ ያለፈውን እንድትተወው መከራት። ብሎኑን አጠበቀች። ከዚያ ጣውላውን በትከሻዋ ተሸክማ ቤት ለቤት ዞረች፤ መቶ ስድስት ልጆች እንደገና ለካች፤ ሰባቱን ወደ ሐኪም ላከች። ኃላፊው ለአንድ ወር ሰላም አላላትም።

ወደ ዓሣ መለካት ያስገባት ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲያርፉ እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እሱ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ፀጉሯን ራሱ እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። አንደኛው ጉንጉን ሁልጊዜ ወደ ግራ ይጣመማል፤ እሷም እንዳይከፋው ብላ ጭንቅላቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ትሄዳለች። ዛሬ እሱ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነው፣ እሷም አርባን አልፋለች። ያም ሆኖ በስሙ ጠርታው አታውቅም። «ወንድምዓለም» ትለዋለች።

ወንድምዓለም በትርፍ ጊዜው የዓሣ አጥማጆች ክበብ ጸሐፊ ነው። ክበቡ በዓመት አንድ ጊዜ በሐይቁ ላይ ውድድር ያካሂዳል። ዓሣው በመንጠቆ ይያዛል፣ ውሃ በሞላ ገንዳ ከነሕይወቱ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይመጣል፣ ይለካል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይለቀቃል። ከሁሉ የረዘመውን ያመጣ ያሸንፋል። ከአራት ዓመት በፊት ተወዳዳሪዎቹ በልኬት ተጣልተው ሊደባደቡ ሲደርሱ ነው ወንድሟ «እርጥብ ሆኖ የሚራገጥ ነገር መለካት የምታውቅ እህት አለችኝ» ብሎ ያመጣት።

እውነትም አወቀችበት። ጣውላውን በሐይቁ ውሃ ታርሰዋለች፤ እጇንም ታርሳለች፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን የሚያዳልጥ ልባስ ይገፍፈዋልና። አፍንጫውን ከመግቻው ታስገጥማለች፣ አፉን በአንድ ጣት ትዘጋለች፣ ቀኑ የተጻፈበትን ካርድ ከጎኑ ታኖራለች፣ ፎቶው ይነሳል፣ ዓሣው ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ትንፋሿን ይዛ ነው። «እኔ አየር ካማረኝ እሱ ውሃ አምሮታል» ትላለች። አምና ወረፋው ረዝሞ ሦስት ዓሦች ገንዳ ውስጥ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ሲቀሩባት፣ ሁለተኛ ጠረጴዛ ካልተጨመረ ሌላ ለኪ ፈልጉ ብላ ለኮሚቴው ነገረች። ተጨመረ። በሁለተኛው ጠረጴዛ የተመደበው ወንድምዓለም ሆነ፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የለካ እሱ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ። የዚህ ሐይቅ ዓሣ ጅራት የተከፈተ መቀስ ይመስላል። ሁለቱን ጫፎች በጣት ቆንጥጠው ቢያጋጥሟቸው ዓሣው ይረዝማል፤ ምን ያህል እንደሚረዝም የሚወስነው ግን ዓሣው ሳይሆን የቆንጣጩ ጣት ነው። እስከ አምና ሁሉም እየቆነጠጠ ይለካ ነበር። ዘንድሮ «አፉ ተዘግቶ፣ ጅራቱ ሳይቆነጠጥ እንደተዘረጋ ይለካ» ተባለ። ደንቡን የተየበው፣ አባዝቶ ያደለው፣ ክበቡ ግድግዳ ላይ በአራት ስፒል የለጠፈው ጸሐፊው ነው፤ ወንድምዓለም ራሱ።

የዘንድሮው ሽልማት የጀልባ ሞተር ነበር። ሞተሩ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋቸው ሽማግሌው ቀዛፊ ነበሩ። በሐይቁ ላይ ሰው በመቅዘፊያ የሚያሻግሩ እርሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ ሌላው ሁሉ ሞተር ገጥሟል። ቀኝ ትከሻቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት አልፎታል። መሀል ሐይቅ ላይ ሲደክማቸው ተሳፋሪ ተነስቶ ይቀዝፍላቸዋል፤ እርሳቸውም «አንተ ቅዘፍ፣ እኔ እመራሃለሁ» እያሉ ይቀልዳሉ። ቀልዱ እየበዛ፣ ተሳፋሪው እያነሰ ሄደ። ሞተር ካላገኙ ጀልባዋን ዳር ጎትተው ቤት ከመቀመጥ በቀር ምርጫ የላቸውም። እናም በዚህ ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ተመዘገቡ።

በውድድሩ እሑድ የእርሳቸው ዓሣ የመጣው ወደ ሲስተር ጠረጴዛ ነው። ሃምሳ ስምንት ሴንቲሜትር ወጣ። ስትለቀው ሽማግሌው «ሂድ ልጄ፣ ሥራህን ጨርሰሃል» አሉት። እስከ ከሰዓት ድረስ የሚበልጠው አልመጣም። ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ፣ የከተማው ጥርስ ሐኪም፣ በወንድምዓለም ጠረጴዛ አንድ ዓሣ አስለካ፤ ሃምሳ ስምንት ተኩል። ዋንጫው ለዶክተሩ ተሰጠ፣ ሞተሩም ለዶክተሩ ተሰጠ። ሲስተርም ከሰዉ ጋር አጨበጨበች። ቆይታ ከምንም በላይ ያንገበገባት ይህ ጭብጨባ ነው።

ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በክበቡ በኩል አለፈች። ወንድሟ የሠላሳ ሰባቱን ዓሦች ፎቶ አትሞ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ደርድሮታል፤ የእሷ ጠረጴዛ ከላይ፣ የእሱ ከታች። የዓሦቹን ፊት እያየች ወደ ታችኛው ረድፍ ወረደች። እዚያ ዓይኗ ቆመ። በመጀመሪያው ፎቶ ጥግ ላይ ሁለት ጣቶች የዓሣውን ጅራት ቆንጥጠው ይዘዋል። በሁለተኛውም። በሦስተኛውም። አሥራ ዘጠኙንም አየቻቸው። በአሥራ ዘጠኙም ላይ ሁለት ጣት አለ፤ በአንዱ ጣት ላይ ደግሞ የወንድሟ የጋብቻ ቀለበት አለ። ከፎቶዎቹ ጎን፣ በአራት ስፒል የተያዘው ደንብ ፀጥ ብሎ ተለጥፏል።

ደሟ ፈላ። የዶክተሩን ፎቶ ነቅላ በቦርሳዋ ከተተችና በቀጥታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። እሱ ሶፋ ላይ ሆኖ የመንጠቆ ገመድ ይጠቀልላል፣ ሚስቱ ማዶ ሸሚዝ ትተኩሳለች። ሲስተር ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«ወንድምዓለም፣ ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የኔ ነዋ፣ ቀለበቱን አታይም?»

«ምን እየሠራ ነው?»

መነጽሩን አጠለቀ። ፎቶውን አቀረበ፣ አራቀ። ገመዱ ከእጁ ወረደ።

«ለምዶብኝ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ጣት።»

«ደንቡን የተየበውም ይኸው ጣት ነው።»

ሚስቱ ካውያውን ሳታቆም፣ የገበያውን ዝርዝር ጽፎ ዝርዝሩን ቤት ረስቶ የሚሄድ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይጠበቅበታል አለች። እሱ ግን አልሳቀም። ሁሉንም እኩል እንደቆነጠጠ፣ አንዱን ከአንዱ እንዳላስበለጠ ሊያስረዳት ሞከረ። ሲስተር በእሱ ጠረጴዛ ያለፉት እርስ በርስ እኩል መሆናቸውን አመነችለት። በእሷ ጠረጴዛ ያለፉትስ ከማን ጋር ነው የሚተካከሉት? ሽማግሌው ወደ ግራ በመሄድ ፈንታ ወደ ቀኝ ቢሄዱ ኖሮ ሞተሩ ዛሬ የማን ነበር?

«ዓሣው እኮ የለም፣ እቴ» አለ። «ሐይቅ ገብቷል። ማንን አምጥተን እንለካ? ደግሞስ እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሃያ ስድስት ዓመት አንዲት ፋይል ጠፍታብኝ አታውቅም። ይሄ ከተሰማ ማዘጋጃ ቤቱ ሙሉ መሳቂያ ያደርገኛል።»

ፀጉሯን የጎነጎነላት እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። አየችው። ሆኖም ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት፤ ምክንያቱም ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መጥላት ትችል ነበር። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ተነሳች።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሕፃናቱ ሲቀንሱ ፎቶውን እንደገና አወጣች። ያኔ ነው የታያት። የጅራቱ ሁለት ጫፎች በጣት ይንቀሳቀሳሉ፤ ሁለቱ የሚለያዩበት መሀል፣ የመቀሱ ማጠፊያ ያለበት ቦታ ግን የትም አይሄድም። ዓሣው በሐይቁ ውስጥ ቢሆንም ያ ነጥብ ከነቁጥሩ ፎቶው ላይ አለ። የዶክተሩ ዓሣ ከአፍንጫው እስከዚያ ነጥብ ሃምሳ ሁለት ነው። ከሥራ ስትወጣ ወደ ክበቡ ሮጣ የሽማግሌውን ፎቶ ነቅላ አየች፤ ሃምሳ ሦስት። የሽማግሌው ዓሣ በአንድ ሙሉ ሴንቲሜትር ይበልጣል። እግረኛ መንገዱ ላይ ብቻዋን «አንድ ሙሉ!» አለች፤ አንድ አላፊ አግዳሚ ሂሳብ የተሳሳተባት መስሎት ዞር ብሎ አያት።

ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ናቸው፤ አምስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ለተሰለፈ ተማሪ እንደሚናገሩ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ። ዶክተሩም ተጠርቶ መጥቷል። ወንድምዓለም ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ሊይዝ ተቀምጧል፤ ቀና አይልም። ሲስተር ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳች። ሊቀመንበሩ ሰሟትና ደንቡ የሚለው እስከ ጅራቱ ጫፍ እንጂ እስከ መሀሉ እንዳልሆነ፣ ዋንጫው በሰው ፊት እንደተሰጠ፣ የክበቡ ስም ከሁሉ እንደሚበልጥ ተናገሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና ነገሩ እስከሚቀጥለው ዓመት ይደር አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ዘንዶም ቢወጣ» አለች ሲስተር፣ «ጅራቱን ሳትቆነጥጡ ለኩት።»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዶክተሩ ተቆጣ፤ ለሁለት ጣት ይህ ሁሉ ጫጫታ ምንድን ነው፣ እሱ ልኩን አልጠየቀም፣ የተባለውን ተቀበለ እንጂ አለ። በዚህ በኩል እውነቱን ነው። ሲስተር ግን ወደ እሱ ዞረችና፣ የሞላው ጥርስ በወረቀት ውፍረት ከፍ ቢል በሽተኛው ምን እንደሚል ጠየቀችው።

«አፌ አልገጥም አለ ብሎ በነጋታው ይመጣል» አለ ሳይወድ።

«ታዲያ ‹ሞልቼ ጨርሻለሁ፣ ክሊኒኬ ስም አለው› ብለው ይመልሱታል?»

ዶክተሩ ሁለቱን ፎቶዎች ወደ ራሱ ስቦ አያቸው። ከዚያ ሞተሩን ገና ከካርቶኑ እንዳላወጣው፣ ቤቱ በረንዳ ላይ እንዳለ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስብሰባውን ዘጉ፤ ነገሩን በጥበብ እንጨርሰዋለን አሉ። ሲስተር እየቀለላት ወጣች። ሰው ያውም አርባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ «በጥበብ» የምትባለውን ቃል ሰምቶ እንዴት ይቀለዋል? በኋላ ራሷን እንደዚህ እያለች ወቀሰች።

አርብ በክበቡ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። ዝነኛው የውድድሩ አሸናፊ ዶክተር፣ ለአቅመ ደካማው አዛውንት ቀዛፊ አዝነው ሞተራቸውን በልግስና ያበረከቱ መሆኑን፣ እሑድ በአራት ሰዓት አዛውንቱ ምስጋናቸውን የሚያቀርቡበት አጭር ዝግጅት መኖሩን ይገልጻል። ማኅተም አለው። ፊርማው የሊቀመንበሩ ነው፤ የተየበው ግን ጸሐፊው ነው።

ሲስተር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሽማግሌውን አንድ ጊዜ በጣት ከለኩባቸው በኋላ አሁን ደግሞ የራሳቸውን ዕቃ ምጽዋት አድርገው ሊሰጧቸው ነው። አመስግኑ ሊሏቸው ነው! ሰው ቤትህ ገብቶ ኮትህን ወስዶ፣ ብርድ ሲመታህ አይቶ ኮትህን ደርቦልህ፣ ጎንበስ ብለህ እጅ ንሳ ቢልህ ምን ትላለህ?

ወደ ጀልባ ማቆሚያው ወረደች። ሽማግሌው ጀልባቸውን እያሰሩ ነበር። ለሊቀመንበሩ መልእክተኛ እሺ እንዳሉት፣ ምስጋናውንም ከአሁኑ እያሰቡበት እንደሆነ ነገሯት። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ሁለቱን ፎቶዎች አሳየቻቸው። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ቁጥር ግን ያውቃሉ። ጥፍራቸውን በሃምሳ ሦስቱ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ስለዚህ የኔ ነው የሚበልጠው።»

«የእርስዎ ነው፣ አባባ።»

«እና ለምንድን ነው ሰውየው የሚያዝንልኝ?»

ሽማግሌው ቋጠሮውን ፈትተው እንደገና አሰሩት።

እሑድ በአራት ሰዓት የክበቡ አዳራሽ ሞላ። ሞተሩ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ቀይ ጥብጣብ ታስሮበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ስለ ደግነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ጫፍ ያያል። ወንድምዓለም በበሩ በኩል፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ከሰኞ ጀምሮ እህትና ወንድም አልተነጋገሩም። ሽማግሌው ተጠሩ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ቀኝ ክንዳቸውን በግራቸው ደግፈው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። ሞተሩን አዩት። ማየት ብቻ አይደለም፤ ዳበሱት፤ ምን ያህል እንደተመኙት ከጣቶቻቸው ያስታውቃል። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አሸንፌ ከሆነ ስጡኝ» አሉ። «ካላሸነፍኩ የሰው ዕቃ ነው፤ የሰው ዕቃ አልነካም።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው፣ አባባ እንዳልገባቸው፣ ይህ ስጦታ እንደሆነ እንደገና አስረዱ። ሽማግሌው በሚገባ እንደገባቸው ተናገሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያሻግሩ ከዳር እስከ ዳር አድርሰው ነው እንጂ መሀል ላይ ጥለው እንደማያውቁ፣ አሁንም መሀል ላይ መውረድ እንደማይፈልጉ ጨመሩ። ተመልሰውም ወደ መቀመጫቸው መሄድ ጀመሩ፤ ሞተሩን ትተውት። ሲስተር ልትነሳ ስትል ከበሩ በኩል የወረቀት መቀደድ ድምፅ ተሰማ።

ወንድምዓለም ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ገንጥሎት ነበር። ወረቀቱን ገልብጦ በበሩ ላይ አስደግፎ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ማን ሥልጣን ሰጠህ?»

«ጸሐፊ ነኝ» አለ ሳይዞር። «ሥልጣኔ መጻፍ ነው።»

እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ። በሁለተኛው ጠረጴዛ የተለኩት አሥራ ዘጠኝ ዓሦች ሁሉ በለኪው ስህተት ጅራታቸው ተቆንጥጦ መለካታቸውን፣ ለኪውም በአሥራ ዘጠኙ የልኬት ቅጾች ላይ ያኖረውን ፊርማ ማንሳቱን፣ ስለዚህ በውድድሩ በደንቡ መሠረት የተለካው ረጅሙ ዓሣ ሃምሳ ስምንት ሴንቲሜትር መሆኑን፣ ባለቤቱም ቀዛፊው መሆናቸውን። እዚህ ላይ ቆመ። ሲስተር ከኋላው ደርሳ ነበር።

«‹ለኪው› ብቻ አይደለም» አለችው በቀስታ። «ስምህንም ጻፍ።»

ዞሮ አያት። መዝገብ ቤት የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከአሁኑ አፉን በእጁ ይዟል። ወንድምዓለም ወደ በሩ ዞረና ስሙን ከነአባቱ ስም፣ በትልልቅ ፊደል ጻፈ። ከዚያ በአራት ስፒል ለጠፈው።

ዶክተሩ ነው ጥብጣቡን ከሞተሩ ላይ የፈታው። ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ሊቀመንበሩ ከሥልጣናቸው እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ማንም ስላልለመናቸው ትንሽ ቆመው ተቀመጡ። ወንድምዓለም በሚቀጥለው ወር ከጸሐፊነት ተነሳ፤ መዝገብ ቤትም ለብዙ ጊዜ ሁለት ጣት እያሳዩ ሲያበሽቁት ከረሙ።

ሽማግሌው ግን ያኔውኑ ተመልሰው መጡ። ሁለት ተሳፋሪዎቻቸውን ጠሩ፣ ከየት በኩል እንደሚያነሱት አሳዩአቸው፣ በሩ ላይ እንዳይመታ በግራ እጃቸው እየመሩ አስወጡት። ሊቀመንበሩን አላመሰገኑም። ዶክተሩን አላመሰገኑም። ሲስተር አጠገብ ሲደርሱ «እስቲ ገለል በይ ልጄ፣ ከባድ ነው» ብለዋት አለፉ።

ገለል አለች። ከሰኞ ጀምሮ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ የለቀቀችው ያን ጊዜ ነው።